ከአንድ መስታወት ሁለት መስኮት

አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ እንደሚቆም የነገራቸው አልነበረም። መጀመሪያ ቀኝ ጥግ ይዞ ሲቆም ጭምቴና አማቷ የተጠቀለለውን ፍራሽ፣ ሁለቱን ሻንጣና ድስት የታጨቀበትን ጆንያ ይዘው ወረዱ። ባሏ ከኋለኛው ወንበር መስታወቱ የታሰረበትን ገመድ ገና እየፈታ ነበር። በሩ ተዘጋ። አማቷ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፋቸው እየደበደቡ "ኧረ ሰው ቀርቶብናል! ልጄን ወዴት ነው?" ብለው ቢጮኹም ሹፌሩ ዞር ብሎ አላያቸውም። ደግነቱ አውቶቡሱ አልራቀም። መንገዱን በሰያፍ ተሻገረና ግራ ጥግ ላይ እንደገና ቆመ፤ የተጓዘው መንገድ ለአንድ ማስነጠሻ እንኳ አይበቃም። በሩ ተከፈተና ባሏ በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ሰፊ መስታወት እንደ ታማሚ ሰው አቅፎ ወረደ። ባልና ሚስት ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመው ተያዩ። በሁለቱም በኩል ሰው ተሰብስቧል፤ ማንም አይናገርም። ጭምቴ ይህን ያህል ሰው፣ ይህን ያህል ዝም ብሎ፣ ለአንድ ጥቅል ብርድ ልብስ ሲቆም አይታ አታውቅም።

"እንኳን ወደ ላዮች በሰላም መጣችሁ" አለ አጠገቧ የቆመ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የለበሰ ሰው። ባለ ወፍጮው ነበር። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ መቀስ በደረት ኪሷ የሰካች ሴት የባሏን ክንድ ጥርቅም አድርጋ ይዛ "እንኳን ወደ ታቾች በሰላም መጣህ" ስትል ተሰማ። እሷ ፀጉር ሠሪዋ ነበረች።

ከተማዋ ትንሽ ናት፤ አንድ ጫፍ ላይ ድስት ቢወድቅ ሌላው ጫፍ ላይ ያለ ሰው "ምን ተሰበረ?" ብሎ ይጠይቃል። ትንሽነቷ ግን ሁለት ከመሆን አላገዳትም። ከመንገዱ በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ የሚኖሩት ላዮች፣ ከመንገዱ በታች ያሉት ታቾች ይባላሉ። ላዮች አንድን ዕቃ ውድ ነው ካሉ ታቾች ሁለት ሁለት ይገዙታል፤ ታቾች ዝናብ ሊመጣ ነው ካሉ ላዮች ልብስ ያሰጣሉ። አውቶቡሱም ለዚሁ ሲባል ሁለት ጊዜ ይቆማል፤ ጠዋት የላዮች ይቀድማል፣ ከሰዓት የታቾች። ባለፈው ሳምንት የወረደው በረዶ ብቻ ወገን አልለየም። ጭምቴ መንገዱን ቀና ብላ ስታይ አንድም ሙሉ መስኮት አላየችም። አንዱ ካርቶን ለጥፏል፣ አንዱ የጠረጴዛ ላስቲክ ወጥሯል፣ አንዱ የልጆቹን አልጋ አቁሞ ገትሯል፤ አንድ ቤት ላይ ደግሞ ጥቁር ሰሌዳ ከነሒሳቡ ተገትሮ የማካፈሉ መልስ ወደ መንገድ ዞሯል። የቆርቆሮው ጣሪያ ሁሉ ተበሳስቷል። ከሰማይ የወረደው ምን ቢያህል ነው ብላ ጡጫዋን ጨበጠችና ከአንዱ ቀዳዳ ጋር በዓይኗ ለካችው። ጡጫዋ አነሰ።

ጭምቴ የሚለውን ስም ያወጡላት አማቷ ናቸው። አንዲት ቃል ከአፏ ሳታወጣ ሦስት ጊዜ ስለምታስብ ነው። አማቷ ግን ለሁለቱም የሚበቃ አፍ አላቸው። ወደ ላዮች ሲጎትቷቸው፣ ከማዶ ደግሞ ሲጠሯቸው ግራ ቢገባቸው ፍራሹን እየጎተቱ መንገዱ መሃል ድረስ ሄዱና ላዩ ላይ ጉብ አሉ። "እኔ ከዚህ አልነሳም! ልጄ እዚያ፣ ድስቴ እዚህ! ቤቴ የት እንደሆነ ሲታወቅ ንገሩኝ።" ባሏም ከፀጉር ሠሪዋ እጅ አምልጦ መስታወቱን ተሸክሞ መጣና እናቱ አጠገብ አቆመው። የሚያልፍ መኪና ስለሌለ ማንም ተነሱ አላላቸውም።

ነገሩ እዚያው ፍራሹ ላይ ተፍረጠረጠ። ባለ ወፍጮውም ፀጉር ሠሪዋም ለመስታወት ቆራጩ ባሏ ስልክ ደውለዋል፤ እሱም ለሁለቱም "መጀመሪያ የእናንተን ነው የምሠራው" ብሏል። ቃሉን የሰጠው ለማታለል አልነበረም። ወንዱ የነገረውም፣ ሴቷ የነገረችውም፣ መንገድ ዳር ያለ፣ እንደ በር ወደ ውጭ የሚከፈት አንድ ሰፊ መስኮት ያለው ቤት ነው። አነጋገራቸውም ያው፣ ቁጣቸውም ያው።

"እኔ እኮ ባልና ሚስት መስለውኝ ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ባልየው ደውሎ እንደነገረኝ አላወቀችም ብዬ..."

"እህትና ወንድም ናቸው፣ አንተ ልጅ!" አሉ እናቱ። ከተቀመጡ ገና ሻይ ባይደርስላቸውም የከተማዋን ታሪክ ከግራም ከቀኝም ለቅመው ጨርሰዋል። "አባታቸው ሁለት ቤት ፊት ለፊት ሠርቶላቸው ሞተ። አውቶቡስ መምጣት ሲጀምር እሱ በወፍጮዬ በር ይቁም አለ፣ እሷ በእኔ በር ይቁም አለች። በዚያው ተኳረፉ። ሰዉም አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለእሷ ብሎ ተሰለፈ። ይኸው የአውቶቡስ ጠብ ሀገር ከፈለ። አሁን ደግሞ አንተ መጣህላቸው።"

ጭምቴ የምትፈራው ነገር ወዲያው በባለ ወፍጮው አፍ መጣ። "የመጀመሪያው መስታወት ታቾች ቤት ከገባ" አለ፣ ለእነሱ ሳይሆን ለመንገዱ የሚናገር ይመስል፣ "ከላዮች አንድም ሰው አያሠራችሁም።" ከማዶ ፀጉር ሠሪዋ ያንኑ ቃል፣ ላዮችና ታቾች የሚለውን ብቻ አቀያይራ፣ ደገመችው። እህትና ወንድሙ እርስ በርስ አልተያዩም። ያመጡት መስታወት አንድ ብቻ ነው፤ የቀረው በጭነት መኪና የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የነበሩበትን የኪራይ ቤት ቁልፍ መልሰዋል፤ ዛሬ ከዚህ ቢባረሩ የሚገቡበት በር የላቸውም። ግማሽ ከተማ ብቻ ቢሠሩ ደግሞ ሥራው ለሦስት ሰው ጉሮሮ አይሆንም። ባሏ ላብ አጠመቀው። ቆራጭ ይባላል እንጂ ከመስታወት በቀር ቆርጦት የሚያውቀው ነገር የለም።

"ልለካ" አለች ጭምቴ። ከወረደች ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። ልኬት ሁልጊዜም የእሷ ሥራ ነው፤ የባሏ እጅ ቆርጦ ለመገጣጠም ነው እንጂ ለሜትር ትዕግሥት የለውም። ደግሞም እሱ ወደ አንዱ ቤት ለመለካት ሄደ ማለት የዚያን ሥራ አስቀደመ ማለት ይሆንበታል። ሴት ለካች ቢባል ግን ማንም አይቆጥረውም። እሷም ይህን ሳትናገር አውቃ የልብስ ሰፊ ክር ከቦርሳዋ አወጣችና ወደ ላይ ወጣች።

የባለ ወፍጮው ቤት አንድ ክፍል ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ኩባያ። ዱቄት ሁሉን አልብሶታል፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ቀለሙ ይታያል። ጭምቴ ቤቱ ውስጥ ለሁለተኛ ሰው የሚሆን ነገር ፈልጋ አጣች። መስኮቱ ፍሬም ላይ የተረፈውን ስባሪ በጨርቅ ይዛ ስትነቅል አንድ ነገር አስገረማት። መስታወቱ ከውጭም ከውስጥም ተቀብቷል፣ ያውም በወፍራሙ፣ ከዳር እስከ ዳር። ዱቄት መስሏት በጥፍሯ ፋቀችው፤ ኖራ ነው።

"ምነው ጋሼ፣ መስኮት ኖራ ይቀባል እንዴ?"

"ነፀብራቅ አልወድም" አለ። ቀጥሎም "ላስቲክ እንኳ በሜትር የሚሸጡበት ዋጋ እብደት ሆኗል" ብሎ ወሬ ለወጠ። ጭምቴ ክሯን በቁመቱም በወርዱም ወጥራ ቋጠሮ ቋጠረች። ስትወጣ ከኋላዋ "ከዚያኛው የእኔ ይሰፋል፤ ለክተሽ ታይዋለሽ" አላት።

የፀጉር ሠሪዋ ቤት ደግሞ ሞልቶ የፈሰሰ ነው። ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ቆብ፣ ሦስት የተለያየ ወንበር፣ የቀለም ብልቃጥ፣ የፀጉር መጠቅለያ፣ ለሽያጭ የተሰቀለ ጃንጥላ ሳይቀር። በጠራራ ፀሐይ አምፖል ይበራል። የተሰበረው መስኮት ላይ ጋዜጣ በጋዜጣ ላይ ተደራርቦ ተለጥፎ ነበር፤ የታችኛው ብጫ ሆኖ ከስባሪው ጋር አንድ አካል ሆኗል፤ ከበረዶው በፊት፣ ብዙ ዓመት ቀድሞ የተለጠፈ ነው። ግድግዳዎቹ በየዓይነቱ የፀጉር አሠራር ሥዕል ተሸፍነዋል። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ብቻ አንድ ትሪ የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። ሥዕሎቹ ዙሪያውን ተጨናንቀው፣ አንዱ የሌላውን ጆሮ እስኪሸፍን ተደራርበው፣ ያችን ቦታ ግን አልነኳትም።

"እዚህስ እትዬ? ሥዕል አለቀብዎት?"

"ዝም ብሎ ነው፣ የኔ እናት" አለች ፀጉር ሠሪዋ። ከዚያም ቶሎ ብላ "የእኔ ከዚያኛው ይረዝማል፤ ልብ ብለሽ ለኪ" አለቻት። ጭምቴ ክሩን ወጠረች። በላይኛው ቤት የቋጠረችው ቋጠሮ የታችኛው ፍሬም ጥግ ላይ ቁጭ አለ። በወርዱ ሞከረች፤ ያም ቁጭ አለ። አልታመን ብሏት ደገመችው። ሁለት መስኮት፣ በአንድ ክር። አንድ አባት፣ ሜትር ይዞ ይሁን በዚሁ ዓይነት ክር፣ ከልጆቹ አንዱ በጣት ስፋት እንኳ እንዳይከፋው ተጨንቆ ሲለካ ታያት፤ ያላየችውን ሽማግሌ አከበረችው። እዚያው ቆማ ሦስት ጊዜ አሰበች።

ወደ ፍራሹ ስትመለስ ባሏ ከላይ የመጣ ሻይ በቀኝ እጁ፣ ከታች የመጣ ሻይ በግራ እጁ ይዞ የትኛውን ቀድሞ እንደሚጠጣ ጨንቆት ሁለቱም በርደውበታል። ጭምቴ ክሩን ሰጠችው። "መስታወቱ ላይ ዘርጋው" አለችው። ዘረጋው፤ ክሩ ሁለት ጊዜ ሲለካበት መስታወቱ ሳይተርፍ ሳይጎድል ያልቃል። ቀና ብሎ አያት።

"ሁለት ይወጣዋል" አለ። "ቢሆንስ? መጀመሪያ የማንን ልገጥም ነው?"

"ስትቆርጠው መጀመሪያ የሚወጣው የቱ ነው?" አለችው።

ባሏ ዕድሜውን ሙሉ መስታወት ሲቆርጥ ኖሮ ይህን ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም። መስታወት እንደ ዳቦ አይቆረስም፤ በአልማዝ ይሰመርና አንዴ ሲጫኑት እኩል ይለያል። ከሁለቱ ታላቅ የለ፣ ታናሽ የለ። አማቷ ክሩንም ምራታቸውንም በየተራ አዩ። "እኔም እኮ ዝም ስትል ምን እያሰበች ነው እላለሁ" አሉ ለማንም ሳይሆን።

መቁረጫ ጠረጴዛ ያስፈልጋል። ላዮች ጠረጴዛ አመጡ፤ ይህን ያዩ ታቾች ሌላ ጠረጴዛ አመጡ። ማንኛቸውም የእኛ ይመለስ አላሉም፤ ስለዚህ ሁለቱ ተጋጥመው መንገዱ መሃል ቆሙ፤ የላዮቹ በሁለት ጣት ይረዝማል። ታቾች ለዚህ መልስ ፍለጋ ሲሯሯጡ አማቷ ከተቀመጡበት ተነሥተው ብርድ ልብሳቸውን አጥፈው ዝቅ ያለው ላይ አነጠፉና "በቃ! እኩል ሆናችኋል፤ ከፈለጋችሁ ብርድ ልብሴ ይመስክር" አሉ። ከሁለቱም ወገን ሳቅ አመለጠ፤ ሳቂዎቹ ከማን ጋር እንደሳቁ ሲያውቁ አፋቸውን ያዙ። ባሏ አልማዙን ነጭ ጋዝ ውስጥ ነከረው። ሰው ሁሉ ወደ መንገዱ ጠርዝ ተጠጋ፤ ጠርዙን ግን ማንም አላለፈም። ባለ ወፍጮው ወፍጮውን አስቁሞ መጥቷል፤ የወፍጮው ድምፅ ሲጠፋ ከተማዋ ጆሮዋን የታጠበች መሰለች።

ጭምቴ አልማዙ የሚመራበትን ቀጥ ያለ ጣውላ መስታወቱ ላይ በሁለት እጇ ተጭና ያዘች። አልማዙ ከላይኛው ጫፍ ተነሥቶ፣ ልክ ብራና እንደሚቀደድ ሲር እያለ፣ ሳያቋርጥ እስከ ታችኛው ጫፍ መጣ። መስመሩ ከፀጉር ይቀጥናል፤ ከዳር ለቆመ ሰው ምንም የተደረገ አይመስልም። ባሏ መስታወቱን አንሸራቶ መስመሩን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከለ፣ ዓይኑንም ጨፈነ፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ተጫነው። አንዲት ጥርት ያለች "ጧ!" ተሰማች። ላዮች በአንድ ላይ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ታቾችም እንደዚያው። ሲያዩ ሁለቱ መስታወቶች ጎን ለጎን ናቸው። አንድም ስባሪ የለም። ማንም እልል አላለም፣ ማንም አላጨበጨበም፤ አንድ ሽማግሌ ብቻ ከታቾች በኩል "ወይ ጉድ፣ ሲከፈል እኮ አልተሰበረም" ሲል ተሰማ።

"ግጠማስ?" አለ ባለ ወፍጮው። "ግጠማ ፊትና ኋላ አለው።"

እውነቱን ነው፤ ሠራተኛው አንድ ነው። ባሏ ጭምቴን አያት፤ ቶሎ ደግሞ ዓይኑን ሰበረ። ገጥማ አታውቅም። ስታቀብል፣ ስትይዝ፣ ስትጠርግ ነው የኖረችው። መስታወት አንዴ ከእጅ ካመለጠ ደግሞ ይቅርታ አያውቅም። ያኔ አማቷ ጠጋ ብለው በጆሮዋ "ከልጄ እጅ ያንቺ ይረጋል። እንዳትነግሪው" አሏት። በትዳር ዘመኗ ሁሉ ከእኚህ ሴት የሰማችው የመጀመሪያ ምስጋና ነበር፤ አንዱን መስታወት አነሣች። ባሏ ሌላውን ይዞ ወደ ላይ፣ እሷ ወደ ታች ሄዱ። አማቷ መንገዱ መሃል ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ላይ እያነሡ፣ ለእያንዳንዱ ምስማር ያጨበጭቡ ጀመር። ባጨበጨቡ ቁጥር ከላይም ከታችም መዶሻ እኩል ይሰማል። አንዴ ባሏ ቀድሞ አንድ ቢመታ "ንቀለው! አንተ ቀዥቃዣ፣ ንቀለው!" ብለው አስነቀሉት፤ ታቾች በዚህ በጣም ረኩ።

ጭምቴ የአማቷን ጭብጨባ ብቻ እየሰማች ሠራች። መስታወቱን ከፍሬሙ የሚያጣብቀውን ስቱኮ በአውራ ጣቷ ጥግ ጥጉን እያስያዘች ዙሪያውን ስትጨርስ ቀኑ መሸት ብሎ ፀሐይ ከታቾች ቤት ጀርባ ዞራለች። ፀጉር ሠሪዋ አምፖሏን አላጠፋችም፤ መቀሷን ይዛ ከኋላዋ ቆማለች። ጭምቴ መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ወለወለችና ፈቀቅ አለች። በመካከል ምንም የሌለ ይመስል መንገዱ ማዶ ያለው ቤት ቁልጭ አለ። ባሏ እዚያኛው መስኮት ላይ መሰላሉን ሲያነሣ ታየ። መሰላሉ ዘወር ሲል ፀሐይቱ የላይኛውን መስታወት አገኘችው። መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ነደደ፤ ብርሃኑ መንገዱን ተሻገረ፣ በአማቷ ራስ ላይ አለፈ፣ ጭምቴ አሁን በገጠመችው መስታወት ገባና ግድግዳው ላይ፣ ሥዕሎቹ ዙሪያውን በከበቧት በዚያች ባዶ ቦታ፣ ልክ በልኳ ቁጭ አለ።

ጭምቴ አፏን ከፍታ ቀረች። በር ላይ የተሰበሰቡት ታቾችም አንገታቸውን አሰገጉ። ፀጉር ሠሪዋ አልተገረመችም፤ እንደምትጠብቀው እንግዳ ነበር ያየችው።

"አባቴ ነው እንዲህ የሠራው" አለች። "ከሰዓት በኋላ ቤቴ ይጨልማል፤ የወንድሜ ቤት ደግሞ ፀሐይ ይጠግባል። ማታ ማታ ይህቺ ስትመጣ፣ 'ወንድምሽ ላከልሽ' ይለኝ ነበር።" ዓይኗን ከብርሃኑ ሳትነቅል ቀጠለች፦ "ስንኳረፍ እሱ መስኮቱን ኖራ ሲቀባው እኔ ጋዜጣ ለጠፍኩበት። መቅረቷን ቁጭ ብዬ ከማይ፣ እኔው አልፈልግሽም ያልኳት ይምሰል ብዬ።"

"ቦታዋን ግን አስቀምጠውላታል" አለች ጭምቴ።

ፀጉር ሠሪዋ እጇን ዘርግታ አምፖሉን አጠፋችው። በጨለመው ክፍል ውስጥ ያቺ አንዲት ብርሃን ብቻ ቀረች፤ የማድረቂያዎቹ ቆብ፣ ብልቃጦቹ፣ የሰዎቹ ፊት ሁሉ ከእሷ እየተበደሩ ወጡ። የት ያድራሉ፣ የትኛው ወገን ቤት ይሰጣቸዋል የሚለው የጠዋቱ ጭንቀት ለጭምቴ ሩቅ ነገር መሰላት። ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ሠርቶ ሊሞት ይችላል ብላ አሰበች፤ ሰው ደግሞ ይህን በኖራ ሊቀባው ይችላል።

ከዚያ ብርሃኑ ተነቃነቀ። መጀመሪያ በጥቂቱ፣ ነፋስ የነካው ይመስል። ከዚያ ወደ ግራ ሸሸ፣ ሥዕሎቹ ላይ ሮጠ፣ ጣሪያው ጥግ ደረሰ፣ ተመልሶ መጣ። የፀጉር ሠሪዋ መቀስ ከእጇ ወደቀ። ጭምቴ በመስኮቱ ስታይ ባለ ወፍጮው መስኮቱን ይዞ ወደ ውጭ ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፍታል። ሽበታም ጎልማሳ፣ እስከ ቅንድቡ ዱቄት የሆነ፣ ከንፈሩን እንደ ልጅ ነክሶ።

"ኧረ ጋሼ አይክፈቱት!" የባሏ ጩኸት መንገዱን ሞላው። "ኧረ ስቱኮው አልደረቀም! እማዬ፣ ንገሪልኝ!"

አማቷ ከመንገዱ መሃል ቀና ብለው ብርሃኑ በራሳቸው ላይ ሲመላለስ አዩና ፍራሻቸው ላይ መልሰው ቁጭ አሉ። "ዝም በለው" አሉ። "ነገ ትለስነዋለህ።"

ፀጉር ሠሪዋ ግድግዳው ጋ ሄዳለች። መዳፏን ዘርግታ፣ ብርሃኑ ወደ ቀኝ ሲሸሽ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲሸሽ ወደ ግራ፣ ከሥዕል ሥዕል እየተከተለች ልትይዘው ትሞክራለች።